ስሙ የተጠራ ዕለት

«ሽቦ ሰኞ ሊሄድ ነው አሉ» አለች ፋርማሲስቷ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ የምታወራ ይመስል።

ሐርዬ መቀሷን እንደ ከፈተች ቀረች። ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋው ነጭ ጨርቅ ነገ በመታሰቢያው ዝግጅት ከአዳራሹ መድረክ ጀርባ የሚሰቀል ነው፤ ግማሹ ተቆርጧል፣ ግማሹ ይቀረዋል።

«የት ነው የሚሄደው?» አለች ቀና ሳትል።

«ሌላ ከተማ። አዲስ ትልቅ አዳራሽ ተሠርቶ የድምፁን ሥራ በሙሉ አንተ ያዘው ብለውታል። ቤትም ይሰጡታል። ዛሬ ጠዋት የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ ነው የነገረኝ።» ፋርማሲስቷ ቁልፉ የተበጠሰ ነጭ ካፖርቷን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ 'ለራስህ ነው ወይስ ለልብህ?' አልኩት።»

«ምን አለሽ?»

«'ለልብም ካለሽ ጨምሪበት' አለኛ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐርዬ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን የካፖርቱን ቁልፍ ለመትከል መርፌ አንሥታ ክሩን ለማስገባት ብትሞክር ብትሞክር ቀዳዳው ጠፋት። ፋርማሲስቷ መርፌውን ከእጇ ተቀብላ ክሩን አስገባችላትና መለሰችላት። ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው ዓመታት የኖሩ ሴቶች አንዳንድ ነገር በቃል አይነጋገሩም።

ሠፈሩ ውስጥ ሽቦን የማያውቅ የለም። ሠርግ ቢሆን ስብሰባ፣ ደስታ ቢሆን ሐዘን፣ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ገመዱን ጠቅልሎ ከሁሉ በኋላ የሚሄደው እሱ ነው። ቀጭን ስለሆነና ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ «ሽቦ» አሉት፤ በዚያው ጸና። መጋረጃ ሰፊዋን «ሐርዬ» ያሏት ደግሞ አማቷ ናቸው፤ ሙሽራ ሆና ከቤታቸው የገባች ዕለት ድምፅዋን ሰምተው፣ «ይቺ ልጅ ሐር ናት» ብለው።

ሐርዬ ባል አላት። ወይም ነበራት። በ«አላት» እና በ«ነበራት» መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ናት አራት ዓመት ሙሉ መፈናፈኛ ያሳጣቻት።

ባሏ በያጅ ነበር። ከሠፈሩ ብዙ ወንዶች ጋር ባሕር ማዶ ወዳለች የወደብ ከተማ ለሥራ ሄደ። በየሳምንቱ ይደውላል፤ መጀመሪያ ከእናቱ ጋር ያወራል፣ ቀጥሎ ከሚስቱ ጋር፤ እናትየው ስልኩን ለመልቀቅ ሲያቅማሙ «ምራትሽን ስጪኛ፣ የኔ እናት!» ብሎ ሲስቅ ድምፁ ቤቱን ይሞላው ነበር። አንድ ጠዋት እዚያ ማዶ ምድር ተንቀጠቀጠች። ከመንቀጥቀጡ የተረፈውን ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ጠራረገው። ከሄዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው፤ የበያጁ ሬሳ እንኳ አልተገኘም።

ከተረፉት አንዱ የሠራተኞቹ ምግብ አብሳይ የነበረ ወፍራም፣ ሆደ ቡቡ ሰውዬ ነው። በተመለሰ ሰሞን ሐርዬን ሱቋ በር ላይ ብቻዋን አገኛትና፣ «እህቴ፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። እሱ ይበይድ የነበረበት የመርከብ ማቆሚያ ነው ከሁሉ ቀድሞ የሄደው። አልተሠቃየም» አላት። ሐርዬ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት እንባዋን ጠርጋ ሰውዬውን አስማለችው። «ለእናቱ እንዳትነግርብኝ። የሚኖሩት በእሱ ተስፋ ነው፤ ይሞቱብኛል።» ምግብ አብሳዩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋውና ማለ።

እውነትም እማማ የልጃቸውን ሞት የሚሰሙ እናት አልነበሩም። በየዓመቱ የአደጋው ቀን ሲታሰብ፣ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ሲነበብ፣ የበያጁ ስም አይነበብም። «ሬሳ ያላየ ልቅሶ አይቀመጥም» ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እሳቸው «ሲመጣ» ሲሉ ሐርዬም «ሲመጣ» ትላለች። እሳቸው «ይህን ወንበር ይወደው ነበር» ሳይሆን «ይወደዋል» ሲሉ፣ እሷም አብራ «ይወደዋል» ትላለች። እንዲህ ሲባል ዓመታት አለፉ።

ሽቦ በዚህ መሐል ነው የመጣው። መጀመሪያ ለስፒከሩ የአቧራ ልባስ ሊያሰፋ መጣ። በሳምንቱ ለሌላኛው ስፒከር መጣ። ከዚያ ለሦስተኛው። ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ቆማ፣ «ይህ ሰው ስንት ስፒከር ነው ያለው? ሠፈሩ እኮ ደነቆረ!» እስክትል ድረስ ተመላለሰ። ሐርዬ እየሰፋች፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለተበላሹ ማይክራፎኖችና ስለ ረጅም ንግግር አድራጊዎች እያወራ ሲያስቃት፣ መሳቅ የሚባል ነገር ለካ አልጠፋባትም ኖሯል። ክረምቱ ሊገባ ሲል እንድታገባው ጠየቃት። «ጊዜ ስጠኝ» አለችው። «እሰጥሻለሁ» አላት።

ከዚያ ያች የተረገመች ቀን መጣች። አንዲት ወሬኛ ደንበኛ መጋረጃ እያስለካች፣ «ባለቤትሽ ግን ምን ደረሰ?» ብላ ጠየቀቻት። እማማ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው ቁልፍ በየቀለሙ እየለዩ ነበር። ሐርዬ ሌላ ምን ትበል? «ባለቤቴ ውጭ አገር ነው። ይመጣል» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እሳቸው እንዲሰሙት። ቀና ስትል ሽቦ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያየችውን እስከ ዛሬ አትረሳውም። ዞሮ ሄደ። ልትከተለው አልቻለችም፤ ደንበኛዋን ሸኝታ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና ፔዳሉን ረገጠች፣ ረገጠች፣ እግሯ እስኪዝል ድረስ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለስፒከር ልባስ የሚያሰፋ ሰው አልመጣም። አሁን ደግሞ ሰኞ ይሄዳል። ሐርዬ የቀረውን ነጭ ጨርቅ ቆረጠችው፤ መቀሱ ሲያልፍ የሚሰማት ከጨርቁ ይልቅ ከደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቆረጥ ነበር።

*

ሲመሻሽ እማማ ሾርባ አቅርበው እየበሉ ሳለ ጡረታ የወጡት መምህር መጡ። የመታሰቢያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ስሞቹን የሚያነቡትም እሳቸው። በየዓመቱ በዋዜማው ይመጣሉ፣ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ በየዓመቱ አንድ መልስ ተቀብለው ይሄዳሉ። አሁንም ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ አመነቱ።

«እንግዲህ... ያው እንደ ወትሮው... ስሙን...» አሉ።

ሐርዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች። እማማ ግን ቶሎ አልመለሱም። የዳቦውን ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ጥርግ፣ ጥርግ አደረጉ።

«ነገ አዳራሽ እንገናኝ፣ መምህር» አሉ በመጨረሻ።

መምህሩ ሐርዬን አዩ፤ ሐርዬ መምህሩን አየች። ማንም የገባው የለም። ሰውዬው ከሄዱ በኋላ እማማ የሐርዬን ሳሕን ተመለከቱ።

«አልበላሽም።»

«ጠግቤ ነው፣ እማማ።»

«የጠገበ ሰው ፊቱ እንዲህ አይሆንም» አሉና ሳሕኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ያለ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳበሱት። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ ግን ሐርዬን የዚያን ቀን ከነካት ነገር ሁሉ ከዚያ የለሰለሰ አልነበረም። እንባዋን ከሾርባው ጋር ዋጠችው።

*

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ መስኮቶቹ ተከፍተዋል። ሽቦ መሰላል ላይ ቆሞ ገመድ ያስራል። ሐርዬ ነጩን ጨርቅ ታቅፋ ስትገባ አያት፤ እንዳላየም ሆነ።

«መስቀያው ከፍ ያለ ነው» አለች። «ብቻዬን አይሆንልኝም።»

አንዱን ጫፍ ተቀበላት። ሁለቱ በሁለት ጫፍ ሆነው፣ ጨርቁ በመሐላቸው ተወጥሮ፣ «ከፍ»፣ «ዝቅ»፣ «ትንሽ ወደ ግራ» ተባባሉ። ሌላ የሚባባሉት ያላቸው አይመስሉም ነበር።

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ለባለትዳር ሴት ምን ብዬ ነው የምነግረው?»

«ታውቃለህ እኮ...»

«የማውቀውን አውቃለሁ። 'ባለቤቴ ውጭ አገር ነው፣ ይመጣል' ስትዪ በጆሮዬ ሰምቼሻለሁ። ድምፅ ሥራዬ ነው፣ ሐርዬ፤ አጥርቼ ነው የሰማሁት።»

«ሰምተሃል፤ አላየህም!» ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችው። «ከመጋረጃው ጀርባ ማን ተቀምጦ እንደነበር አላየህም!»

ሽቦ ሚስማሩን እንደ ያዘ ቆመ። «እማማ?»

«ቁልፍ ሲለዩ ነበር። ባሌ እንደ ሞተ እኔ አውቃለሁ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። የማያውቁት እሳቸው ናቸው። ለእሳቸው ነው ያን ያልኩት። ልከተልህ ብነሣ ምን ብዬ እነሣለሁ? ጠርቼ ባቆምህ በምን ስም እጠራሃለሁ?»

ከመሰላሉ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ እንደ ደረቀ ጭቃ ሲረግፍ ታያት፤ ከሥሩ ያ የምታውቀው ሰው ብቅ አለ።

«እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ...» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ሞኝ ነኝ። ጆሮ ብቻ የሆንኩ ሞኝ።»

«ታዲያ አትሂድ።»

ዓይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ፤ ገና ሳይናገር ገባት።

«ዛሬ ያች ሴትዮ ተመልሳ ብትጠይቅሽ ምን ትያለሽ?» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ያንኑ ነው የምትዪው። እሳቸው እስካሉ ድረስ ያንኑ። እኔ ደግሞ የእኚህን እናት ተስፋ ነጥቀሽ ነይ አልልሽም። እንደዚያ አድርገሽ የምትመጪ ብትሆኚ እኔም ባልወደድኩሽ ነበር። ግን በየቀኑ በሱቅሽ በር እያለፍኩ እንደ ማንም ሰው 'እንደምን ዋልሽ' ማለት አልችልም፣ ሐርዬ። አቅም የለኝም።»

ተመልሶ ወጣና የመጨረሻውን ሚስማር መታ፤ ጨርቁ ተሰቅሎ አለቀ። አንድም መጨማደድ አልነበረበትም። ሐርዬ ቆማ አየችው፤ ምነው ተቆጥቶ በሄደ አለች በልቧ። ቁጣ ይበርዳል፤ እንዲህ ያለውን ደግነት ግን የት ታደርሰዋለች?

*

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቶች፣ መበለቶች፣ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን፣ የተረፉት ወንዶችም በአንድ ረድፍ። ምግብ አብሳዩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ሽቦ ከመሣሪያው ጀርባ ቆሟል።

ሐርዬን ያስደነገጣት የእማማ ልብስ ነው። በዚህ ቀን ሁልጊዜ ሆን ብለው ቀለም ያለው ልብስ ይለብሱ ነበር፤ ሠፈሩ በሙሉ ጥቁር ሲለብስ እሳቸው በሰማያዊ ሻሽ ይመጣሉ። ዛሬ ግን ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሰው ከክፍላቸው ሲወጡ፣ ሐርዬ «እማማ?» አለች። «ነይ እንሂድ፣ እንዳይረፍድብን» አሏት።

መምህሩ ስሞቹን ማንበብ ጀመሩ። ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ይነሣና ከነጩ ጨርቅ ሥር አበባ አኑሮ ይመለሳል። ማንም አይቸኩልም። የመጨረሻው ስም ተጠርቶ፣ የመጨረሻዋ እናት ቦታዋ ከተመለሰች በኋላ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ማንንም ሳያዩ፣ በየዓመቱ የሚጠይቁትን ጠየቁ።

«ሌላ የሚጠራ ስም አለ?»

እማማ ተነሡ።

ሐርዬ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ግን ብቻቸውን ደረጃውን ወጡ። ማይክራፎኑ ከራሳቸው በላይ ሆነባቸው። ሽቦ ሮጦ መጣና ዝቅ አደረገላቸው፤ ሊመለስ ሲል እጁን ለቅጽበት ያዝ አድርገው ለቀቁት።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ደረሰ። «የመጣሁት ስም ልጠራ ነው።»

ስሙን ጠሩት። ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠሩት፤ ገና በሕፃንነቱ ከጨዋታ ወደ ቤት ሲጠሩት እንደነበረው በረጅሙ።

«በያጅ ነበር» አሉ። «ሳቁ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። ከሰው ተጣልቶ አያድርም። ሚስቱን ይወዳት ነበር።» የማይክራፎኑን እግር ጨበጡ። «ልጄ ሞቷል። ካወቅሁ ቆየሁ። በአፌ ማለት ነው ያቃተኝ። እስከ ዛሬ ያላለቀስኩለትን ዛሬ አብራችሁኝ አልቅሱልኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መቀመጫዎቹ መለሱ። «ምራቴ፣ ነይ አጠገቤ ቁሚ።»

ሐርዬ እንዴት ደረጃውን እንደ ወጣች አታውቅም። ብቻ እዚያ ነበረች፤ አሮጊቷ እቅፏ ውስጥ ነበሩ፣ እሷም እቅፋቸው ውስጥ። አለቀሰች። በድብቅ፣ በሾርባ ሳሕን ላይ፣ በትራስ ውስጥ ሳይሆን በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፅዋ ባሏን አለቀሰችው። ወድዳው ነበር፤ ሽቦን መውደዷ ያንን አልሰረዘውም። አዳራሹ በሙሉ አብሯት አለቀሰ። የገረማት ግን ልቅሶው ሲያበቃ የተሰማት ነው፤ ጀርባዋ ላይ ረጅም መንገድ የተሸከመችውን ነገር አንድ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ቀስ ብሎ ያወረደላት ያህል ነበር።

*

ከዝግጅቱ በኋላ ሰው ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ሻይ ሊጠጣ ተሰበሰበ። ሐርዬና እማማ ጥግ ይዘው እንደ ተቀመጡ ምግብ አብሳዩ እንደ ጎርፍ ደረሰባቸው። ዓይኑ አብጧል፣ ፊቱ ግን ያበራል።

«ተገላገልኩ!» አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ተመስገን፣ ዛሬ ተገላገልኩ!»

«ምኑን ነው የተገላገልከው?» አለች ሐርዬ።

«ምኑን? መሐላውን ነዋ! እሳቸው ቀድመው 'ለምራቴ እንዳትነግር፣ ትሞትብኛለች' ብለው አስማሉኝ። በሳምንቱ አንቺን ባገኝሽ፣ 'ለእናቱ እንዳትነግር፣ ይሞቱብኛል' አልሽ። ሁለት መሐላ በአንድ ሆድ! ይኸው በየዓመቱ እዚህ ስመጣ ደም ግፊቴ ይነሣል፤ ፋርማሲስቷን ጠይቋት!»

ሻይ የያዘችው ፋርማሲስት ከኋላው፣ «እውነቱን ነው፣ መድኃኒቱን የምሸጥለት እኔ ነኝ» አለች።

ሐርዬ ወደ እማማ ዞረች። እማማም ወደ እሷ ዞረው ነበር።

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«ታዲያ 'ሲመጣ፣ ሲመጣ' የሚሉት ምን ይባላል?»

«አንቺ ስለምትዪ ነዋ! ልጅቷ በተስፋ ነው የምትኖረው ብዬ!»

«እኔ እኮ እርስዎ ስለሚሉ ነው የምለው!»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ ምግብ አብሳዩ፣ ጉልበቱን እየመታ።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ ነበር፤ ሐርዬ ተከተለቻቸው፤ እንባቸው እየወረደ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሰው ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። ፋርማሲስቷ ምግብ አብሳዩን በክርኗ ጎሸም አድርጋ ይዛው ሄደች።

ሳቁ ጋብ ሲል እማማ የሐርዬን እጅ ሳይለቁ አንገታቸውን ደፉ።

«ግን አልደብቅሽም፤ ለአንቺ ብቻ ብዬም አልነበረም» አሉ። «ፈርቼ ነበር። ባሏ የሞተባት ልጅ ነገ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች። ባሏ የሚመጣ ግን ትጠብቃለች። ያን ባዶ ቤት ፈራሁት።»

«እማማ... ማን ትቶዎት ይሄዳል?»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ያልሽውን ሰማሁ። ከዚያ መኪናሽ ሲሮጥ ሰማሁት። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ መርፌ ጨርቅ ሲወጋና ባዶውን ሲሮጥ ድምፁ ይለያል። ይቺ ልጅ ምን እየሰፋች ነው ብዬ መጋረጃውን ገለጥ ባደርግ ጨርቅ የለም፤ እንባሽ ብቻ ነው። መንገዱን ባይ ያ ቀጭን ልጅ እንደ ተገረፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ያኔ ገባኝ፤ የምትጠብቂው ልጄን ሳይሆን እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጄን ባሕር ወሰደብኝ፤ አንቺን ደግሞ እኔ ልውሰድሽ?»

ሐርዬ እጃቸውን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«በይ ጥሪው» አሉ እማማ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ማንን?»

«ማንን ትላለች ደግሞ!»

መጥራት አላስፈለገም። ሽቦ ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ልግባ አልግባ እያለ። እማማ በእጃቸው ጠሩት። መጥቶ ፊታቸው ቆመ፣ እንደ ተማሪ።

«ትሄዳለህ አሉ?»

«ነበር፣ እማማ።»

«'ነበር' ነው ወይስ 'ነው'? በእኛ ቤት እኮ በሁለቱ ብዙ ተሠቃይተናል።»

ሽቦ ሐርዬን አየ። ዓይኗ ቀልቶ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ እንደዚያን ቀን ቆንጆ ሆና አይቷት አያውቅም። «የምሄደው እሷን እያየሁ መኖር ስላቃተኝ ነበር» አለ። «አሁን ግን...»

«እኔ ከእማማ ተለይቼ የትም አልሄድም» አለች ሐርዬ ፈጠን ብላ። «ቀድሜ ልንገርህ።»

«ማን ተለዪ አለሽ?» አለ። ገመዱን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ስልኩን አወጣ። እዚያው፣ ፊታቸው፣ ደውሎ መቅረቱን ተናገረ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ሲጮህ እስከ ሻይ ጠረጴዛው ተሰማ። ሽቦ ግን እስኪጨርስ አዳመጠ፤ «ይቅርታ፣ አልመጣም። ጎበዝ ጓደኛ አለኝ፣ እሱን እልክላችኋለሁ። አይ፣ የደሞዝ ነገር አይደለም» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ እየሳቀ፣ «አዎ፣ ጋሼ፣ ሴት ናት» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እማማ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ስማኝ፣ ልጄ» አሉ። «ልጄ» የምትለዋ ቃል ስትወጣ ለራሳቸውም ከበደቻቸው፤ ግን አልመለሷትም። «ልጄን ዛሬ ነው የቀበርኩት። ላልቅስለት፤ እሷም ታልቅስለት። ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ እድራታለሁ።»

«እጠብቃለሁ፣ እማማ። የፈለገውን ያህል።»

«እጠብቃለሁ አትበለኝ!» ድንገት በጩኸት ስለተናገሩ ሐርዬ ደነገጠች። «መጠበቅ በቤቴ ቀርቷል። ና፣ ግባ፣ ውጣ፣ ተጫወት፣ ሾርባ ብላ፤ አጥንትህ ትንሽ ይሸፈን። የምን መጠበቅ ነው? ኑር እንጂ!»

ሽቦ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል፣ እማማ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉትና ግንባሩን ሳሙት። ሐርዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ አንድ ልብ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እንዴት ይችለዋል?

*

ሰው ተበተነ። ምግብ አብሳዩና ፋርማሲስቷ እማማን በመሐላቸው አድርገው ቀድመው ወጡ፤ ምግብ አብሳዩ ስለ በያጁ አንድ ታሪክ ጀምሮ ነበር፣ አሮጊቷም፣ «እውነት? እንዲህ አለ? አይ የኔ ልጅ!» እያሉ ይራመዳሉ። ስለ እሱ «አለ»፣ «ሠራ»፣ «ሳቀ» እየተባለ ሲወራ፣ ከሄዱት አንዱ ተመልሶ መንገዱ ላይ አብሯቸው ያለ ይመስል ነበር።

ሐርዬ ሽቦን ጠብቃ ቀረች። የመጨረሻውን ስፒከር መኪናው ላይ ጭኖ ሲመጣ የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። ፀሐይዋ ወደ ጣሪያዎቹ ዝቅ ብላለች፤ ከጎዳናው የብስክሌት ደወልና የልጆች ጩኸት ይሰማል። ሐርዬ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ትንፋሹ ማቆሚያ ሳያገኝ እስከ ታች ወረደ።

ሽቦ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። እጇን አልያዘም፤ ቀኑ የሌላ ሰው ቀን እንደሆነ ያውቃል። ብቻ ፊቷን አየና ሠጋ።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ምንም» አለች።

ስንቱን ጊዜ ነው ይህችን ቃል የተናገረቻት፤ ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ለእማማ፣ ለእሱም ጭምር። ዛሬ ግን ከአፏ ወጥታ ጆሮዋ ውስጥ ስትገባ፣ ሐርዬ ራሷ ቆም ብላ ሰማቻት። እውነቷን ነበር። ምንም አልሆነችም። ደረጃውን አብረው ወረዱ።